የኮምፒውተርን ድምፅ በቲቪና በትልቅ ስፒከር በአንድ ጊዜ ማሰማት፦ ከሳሎን እስከ ግቢ

ጎንደር ውስጥ ጥር ሲገባ ቤት ይሞላል። ለጥምቀት ከሩቅ የመጣ ዘመድ አለ። ጥምቀቱ ሲያልፍ ደግሞ ሰርጉ ይከተላል። ቲቪው ያለው ሳሎን ነው፤ እንግዳው ግን ሳሎን ብቻ አይቀመጥም። ግማሹ በረንዳ ላይ ነው፣ ግማሹ ግቢ ድንኳን ሥር ነው፣ ጓዳ ያሉትም መስማት ይፈልጋሉ። ላፕቶፑ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ወይም መዝሙር ይከፈትና ጥያቄው ይመጣል። ምስሉ ቲቪ ላይ ሆኖ ድምፁ በቲቪውም በትልቁ ስፒከርም እንዴት ይሰማ?

ኮምፒውተር ይህን ሳታዙት አያደርግም። ኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ብዙ ጊዜ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ወደ ቲቪው ይሄድና ስፒከሩ ዝም ይላል። ስፒከሩን ስትመርጡ ደግሞ ቲቪው ዝም ይላል።

ሁለቱን አብሮ ማስጮህ ብዙም አይከብድም። የሚከብደው እኩል እንዲሄዱ ማድረግ ነው። አንዱ ከሌላው ትንሽ ከዘገየ ከበሮው ሁለቴ ይመታል፤ ዘፋኙም ከራሱ ጋር ይቀባበላል። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ድምፁን በተቻለ መጠን መጨረሻ ላይ ክፈሉት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከመክፈል ቲቪው ጋ ከደረሰ በኋላ መክፈል ይሻላል። ያ ካልሆነ ብቻ ነው ወደ ሶፍትዌር የምንሄደው።

መጀመሪያ መሰኪያዎቹን እዩ

ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የቲቪውን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የላፕቶፑንም ጎንና ጎን አንሱ። ፒያሳ ወርዳችሁ ገመድ ስትገዙ ሻጩ በቃል ከምትነግሩት ይልቅ ፎቶውን ቢያይ ቶሎ ይገባዋል። እናንተም ገመድ ለመቀየር ሁለተኛ አትመላለሱም።

ፎቶው ላይ የምትፈልጉት ይህን ነው።

ኤችዲኤምአይ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ታች ጠበብ የሚል መሰኪያ ነው። ምስልም ድምፅም በአንድ ገመድ ይወስዳል። ቪጂኤ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ብሎን አለው፣ 15 እግር አለው። የሚወስደው ምስል ብቻ ነው። በቪጂኤ አገናኝታችሁ ቲቪው ድምፅ አልሰጥ ካለ ምንም አልተበላሸም፤ ገመዱ ድምፅ ስለማይወስድ ነው።

የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ክብ ቀዳዳ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ከኋላ በቀለም ይለያል፦ አረንጓዴው የስፒከር፣ ሮዙ የማይክ፣ ሰማያዊው ደግሞ ከውጭ ድምፅ ማስገቢያ ነው። ለስፒከር አረንጓዴውን ብቻ ተጠቀሙ።

ቲቪው ጀርባ ላይ ያሉት ቀይና ነጭ መሰኪያዎች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ብዙ ቲቪዎች ላይ እነዚህ ድምፅ ማስገቢያ እንጂ ማውጫ አይደሉም። አጠገባቸው የተጻፈውን አንብቡ። «ኢን» ካለ ከዲሽ ወይም ከዲቪዲ ድምፅ መቀበያ ነው፤ እዚያ ላይ ስፒከር ብትሰኩ ምንም አይሰማም። «አውት» ካለ ትክክለኛው ነው። ትንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ ቀይ ብርሃን የሚታይ ቀዳዳ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ኦፕቲካል ይባላል፤ ድምፅ ማውጫ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ከቲቪው ላይ መክፈል

ቲቪያችሁ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወይም ድምፅ ማውጫ ካለው ከዚህ ጀምሩ። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አዲስ ነገር መጫን አያስፈልግም።

ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከቲቪው ጋር አገናኙ። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ ፒ (P) የሚለውን ቁልፍ ተጫኑና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጡ፤ ምስሉ በሁለቱም ላይ ይታያል። ከዚያ ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጫኑና የድምፅ መውጫው ቲቪው መሆኑን አረጋግጡ። ድምፁ በቲቪው መሰማት ከጀመረ የኮምፒውተሩ ሥራ አለቀ።

አሁን ከቲቪው ወደ ስፒከሩ ገመድ ዘርጉ። ስፒከሩ ወይም ሆም ቴአትሩ ቀይና ነጭ መቀበያ ካለው የምትገዙት በአንድ ጫፉ ጃክ፣ በሌላው ጫፍ ቀይና ነጭ ያለውን ገመድ ነው። ጃኩን ቲቪው ላይ፣ ቀይና ነጩን ስፒከሩ ላይ ሰኩ። ስፒከሩን ብሉቱዝ ወይም ፍላሽ ላይ ሳይሆን «ኦክስ» ወይም «ላይን ኢን» የሚለው ላይ አድርጉት።

እዚህ ላይ ቲቪዎች ይለያያሉ። አንዳንዱ ጃክ ሲሰካበት የራሱን ድምፅ ያጠፋል። አንዳንዱ ሁለቱንም ያሰማል። ሌላው ደግሞ በሴቲንግ ያስመርጣል። ሪሞቱን ይዛችሁ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና «ሳውንድ አውት» ወይም «ስፒከርስ» የሚለውን ፈልጉ። የቲቪው ስፒከርና የውጭው አብረው የተጻፉበት ምርጫ ካለ እሱን ውሰዱ። አንዳንድ ኤልጂ ቲቪዎች ላይ ለምሳሌ ኦፕቲካልንና የቲቪውን ስፒከር አንድ ላይ የሚያሠራ ምርጫ አለ።

ጃኩ የቲቪውን ድምፅ የሚያጠፋው ከሆነና ኦፕቲካል ካለው በኦፕቲካሉ ሞክሩ። የኦፕቲካል ድምፅ ዲጂታል ስለሆነ ቀጥታ ቀይና ነጭ ውስጥ አይገባም፤ መሃል ላይ የምትቀመጥ ትንሽ መቀየሪያ ሳጥን ትፈልጋለች። ብዙዎቹ ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢ ስለሆነ ቲቪው ላይ ዩኤስቢ ካለ እዚያው መሰካት ይቻላል። ከዚያ በቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፁን ዓይነት «ፒሲኤም» ላይ አድርጉት። ዶልቢ ላይ ከተተወ ርካሾቹ መቀየሪያዎች ዝም ይላሉ ወይም ይንጫጫሉ። ኦፕቲካል ላይ ሌላም አንድ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሪሞቱ ቮሊዩም ስፒከሩን አይነካውም። ስፒከሩን በራሱ ማዞሪያ ነው የምታስተካክሉት። ይህ ለግቢ እንዲያውም ይመቻል፤ ሳሎን ያሉት ዝቅ ሲያደርጉ ውጭ ያሉት አይቋረጥባቸውም።

ይህን መንገድ የማስቀድመው በምክንያት ነው። ቲቪ የተቀበለውን ምስል አስተካክሎ እስኪያሳይ ጥቂት ይዘገያል። ድምፁንም ከምስሉ ጋር እንዲገጥም አብሮ ያዘገየዋል። ስፒከሩ ድምፁን ከቲቪው ከወሰደ ያንኑ መዘግየት አብሮ ይካፈላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈርና ድምፅ ይገጥማሉ፤ ሁለቱ ድምፆችም እርስ በርስ ይገጥማሉ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ስቴሪዮ ሚክስ

ቲቪው ድምፅ ማውጫ ከሌለው ወይም የራሱን ድምፅ ማጥፋቱን አልተው ካለ ክፍፍሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚሠራው «ስቴሪዮ ሚክስ» የሚባለው ነው። ብዙ የሪልቴክ ድምፅ ካርዶች ውስጥ አለ፤ ግን ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ሥራው ካርዱ እያጫወተ ያለውን ድምፅ መልሶ እንደ ማይክ መስማት ነው። እኛ የምናደርገው ስፒከሩን በቀጥታ አጫውተን፣ ስቴሪዮ ሚክስ የሰማውን ደግሞ ወደ ቲቪው መላክ ነው።

1. ስፒከሩን በላፕቶፑ ጃክ፣ ቲቪውን በኤችዲኤምአይ ሰኩ። ቲቪው በርቶ መሆን አለበት፤ ካልበራ ዝርዝሩ ውስጥ ላይመጣ ይችላል።

2. ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሳውንድ» የሚለውን ክፈቱ። ዊንዶውስ 11 ላይ በሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ገብታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚል ታገኛላችሁ፤ የሚከፍተው ያንኑ መስኮት ነው።

3. «ፕሌይባክ» በሚለው ገጽ ላይ የሪልቴኩን ስፒከር ምረጡና «ሴት ዲፎልት» በሉ፤ ዲፎልት ማለት ኮምፒውተሩ ሳይጠየቅ ድምፁን የሚልክበት መውጫ ነው። ዲፎልቱ ቲቪው ከሆነ ዘዴው አይሠራም። ስቴሪዮ ሚክስ የሚሰማው የራሱን ካርድ ድምፅ ብቻ ነው፤ በዩኤስቢ ወይም በብሉቱዝ የተያያዘ ስፒከርንም አይሰማም።

4. «ሪከርዲንግ» ወደሚለው ገጽ እለፉ። ባዶ ቦታ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጫኑና «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ስቴሪዮ ሚክስ ደብዘዝ ብሎ ብቅ ይላል። እሱም ላይ ቀኙን ተጫኑና «ኢነብል» በሉት።

5. ስቴሪዮ ሚክስን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። «ሊስን» የሚለው ገጽ ውስጥ «ሊስን ቱ ዚስ ዲቫይስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ከሥሩ ካለው ዝርዝር ቲቪውን ምረጡና «አፕላይ» በሉ።

አምስተኛው ላይ ተጠንቀቁ። ቲቪውን በስሙ ነው መምረጥ ያለባችሁ። ብዙ ጊዜ የቲቪው ሞዴል ይጻፍና አጠገቡ ኢንቴል፣ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ የሚል ይታያል። በስህተት ዲፎልቱን ወይም ራሱን ስፒከሩን ከመረጣችሁ ድምፁ ተመልሶ ራሱ ውስጥ እየገባ ይዞራል፣ ከዚያም ይጮኻል። «አፕላይ» ከማለታችሁ በፊት የስፒከሩን ማዞሪያ ዝቅ አድርጉ፤ በተለይ ትልቅ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ከሆነ።

ድምፁ ከመጣ በኋላ ስፒከሩንም ቲቪውንም በየገጻቸው «አድቫንስድ» ውስጥ 48000 ኸርዝ ላይ አድርጓቸው። ፊልምና ቪዲዮ በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ የሙዚቃ ሲዲ ግን 44100 ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ኮምፒውተሩ በየመሃሉ መቀየር አይጠበቅበትም።

ስቴሪዮ ሚክስ ጨርሶ ከሌለ አትድከሙ። አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የላቸውም። የላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ ያለውን የሪልቴክ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አንዴ መሞከር ይቻላል። ከዚያ ውጭ ግን ድራይቨር እንሰጣለን የሚሉ ገጾች ላይ ዳታችሁን አታባክኑ፤ ቫይረስ ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። ወደ ሦስተኛው መንገድ እለፉ።

የዚህ መንገድ ጉድለት መዘግየቱ ነው። ወደ ቲቪው የሚሄደው ድምፅ በስቴሪዮ ሚክስ ዞሮ ስለሚሄድ ከስፒከሩ በኋላ ይደርሳል። ቲቪው ሳሎን፣ ስፒከሩ ግቢ ከሆነ ማንም አያስተውለውም። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ግን አንድ ትልቅ ሰው ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሄ ከበሮ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚመታው?» ማለታቸው አይቀርም። በትክክል ሰምተዋል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ቮይስሚተር ባናና

ይህ መዘግየቱን ለማስተካከል የሚያስችል ነፃ ፕሮግራም ነው። የሠራው ቪቢ ኦዲዮ ነው፤ የወደደው ሰው የፈለገውን ይከፍላል። ከራሱ ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርዱ። «ባናና» የሚባለውን እመክራለሁ፤ ሦስት መውጫ ስላለው እያንዳንዱን ለየብቻ መቆጣጠር ይቻላል።

ከጫናችሁት በኋላ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ካልሆነ የሚፈጥረው ምናባዊ መውጫ በትክክል አይሠራም። ከዚያ በዊንዶውስ የድምፅ መስኮት ውስጥ «ቮይስሚተር ኢንፑት» የሚለውን ዲፎልት አድርጉት። አሁን የኮምፒውተሩ ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ፕሮግራሙ ይገባል።

ፕሮግራሙን ክፈቱ። በቀኝ በኩል ከላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3 የሚሉ ቁልፎች አሉ። ኤ1ን ተጫኑና ከዝርዝሩ ስፒከሩን ምረጡ። ኤ2ን ተጫኑና ቲቪውን ምረጡ። አንዱ መውጫ በተለያየ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ «ደብሊውዲኤም» የሚል የተጻፈበትን አስቀድሙ፣ እምቢ ካለ «ኤምኤምኢ» የሚለውን። ቀጥሎ ምናባዊው ግቤት (ከዊንዶውስ የመጣው ድምፅ የሚገባበት) ያለበት አምድ ላይ ኤ1 እና ኤ2 ሁለቱም መብራታቸውን እዩ። አንዱ ካልበራ ወደዚያ የሚሄድ ድምፅ የለም። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የጎደለው ግን አንድ ክሊክ ነው።

አሁን «ሜኑ» ውስጥ «ሲስተም ሴቲንግስ» ግቡ። «ሞኒተሪንግ ሲንክሮ ዲሌይ» የሚል መስመር አለ፤ በእያንዳንዱ መውጫ ሥር ቁጥር ታስገባላችሁ። ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ቲቪው ስለሆነ የሚቆየው ስፒከሩ መሆን አለበት። ስለዚህ የኤ1ን ቁጥር ትጨምራላችሁ። ስንት ይሁን? እዚህ ላይ ጆሮ ነው የሚፈርደው።

በከበሮ መሞከር

ንግግር ወይም ቀስ ያለ ዜማ መዘግየትን ይደብቃል። ከበሮና ጭብጨባ ግን አይደብቁም፤ አመታታቸው ስለታም ነው። ከበሮና ጭብጨባ ያለበት የሰርግ ቪዲዮ ወይም የወረብ ቅጂ ክፈቱ። አንድ ሰው ላፕቶፑ ጋ ይቀመጥ። ሌላው ከቲቪውና ከስፒከሩ እኩል ርቀት ላይ ይቁም። እኩል ካልሆነ ፈተናው ያሳስታል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ አንድ ሜትር ማለት 3 ሚሊሰከንድ ነው።

የሁለቱን ድምፅ እኩል አድርጉና ከዜሮ ጀምሩ። ከበሮው «ዱም-ዱም» እያለ ሁለቴ ከመታ 20 ጨምሩ። አሁንም ከሆነ ሌላ 20። እየተጠጋ ሲመጣ ሁለቱ ምት አንድ ይሆንና ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚጮህ ያለ የቆርቆሮ ድምፅ ይመስላል። እዚያ ጋ ስትደርሱ በ5 በ5 ሂዱ። በትክክል ሲገጥም ከበሮው ይወፍራል፤ ጭብጨባውም ጥርት ይላል። ካለፋችሁት መልሶ ይከፈላል፤ ወደ ኋላ መልሱት። መሃል የቆመው ሰው «እዚህ ጋ» ይበል እንጂ ላፕቶፑ ጋ ያለው በራሱ ጆሮ አይፍረድ። እሱ ወደ አንዱ ይቀርባል።

ፍጹም መሆን የለበትም። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናቱ እንዳሳየው፣ ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ከ30 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረሰ ጆሯችን ሁለቱን እንደ አንድ ይሰማቸዋል፤ ድምፁም መጀመሪያ ከደረሰው አቅጣጫ የመጣ ይመስለናል። ከዚያ ካለፈ ነው ማሚቶ የሚሆነው። ስለዚህ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢቀር አትጨነቁ።

ይህ እውቀት ኳስ ለሚያሳዩ ቤቶችና ለረጅም አዳራሾች በጣም ይጠቅማል። ቲቪው ፊት ለፊት ነው፣ ኋላ ያለው ሰው ስላልሰማ ስፒከር ከኋላ ይጨመራል። አዳራሹ 12 ሜትር ቢረዝም የቲቪው ድምፅ ኋላ የሚደርሰው 35 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ነው። ሁለቱን በሚገባ ካመሳሰላችሁ በኋላ የኋላውን ስፒከር በዚያው ልክና ጥቂት ጨምራችሁ ብታዘገዩት፣ ኋላ የተቀመጠው ሰው ድምፁ ከቲቪው የሚመጣ ነው የሚመስለው፤ ግን ጥርት ብሎ ይሰማዋል። ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ የድምፅ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሁለቱ ድምፆች ከገጠሙ በኋላ ከንፈሩን እዩ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ እንደሚለው ተመልካች ልዩነት ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ ምስሉን በ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም ወይም በ125 ሲዘገይ ነው። ከቀደመ ቶሎ ይታወቃል፤ ከዘገየ እንታገሣለን። ቪዲዮውን ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ የምትከፍቱ ከሆነ ጄ የሚለው ቁልፍ ድምፁን ያስቀድማል፣ ኬ ያዘገያል፤ አንድ ጊዜ መጫን 50 ሚሊሰከንድ ነው። ይህ ሁለቱንም እኩል ስለሚያንቀሳቅስ የከበሮውን ሥራ አያበላሽም። የቲቪው «ጌም ሞድ» ደግሞ የምስሉን መዘግየት ይቀንሳል። ኬብሉን ከመጠራጠራችሁ በፊት እሱን አብርታችሁና አጥፍታችሁ ሞክሩ። ግን ከበሮውን ከማስተካከላችሁ በፊት ይሁን፤ ጌም ሞድን ከቀየራችሁ ቁጥሩም ይቀየራል።

አሮጌ ዴስክቶፕ ከቪጂኤ ጋር

ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው አካባቢ ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያላቸው እንዲህ ያለው ነው፤ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ቪጂኤ ብቻ። ይህ እንዲያውም ቀላሉ ነው። አንዱን ጃክ ለሁለት የሚከፍል የዋይ ገመድ ግዙ። አረንጓዴው ላይ ሰኩት። አንዱ ጫፍ ወደ ስፒከሩ፣ ሌላው ከቪጂኤው አጠገብ ወዳለው የቲቪው ድምፅ ማስገቢያ ይሄዳል። ዊንዶውስ ምንም አያውቅም፤ ለእሱ አንድ ስፒከር ነው። የዋይ ገመዱን ግን ተገላቢጦሽ አትጠቀሙበት። አንዱን ለሁለት ለመክፈል እንጂ ሁለት ኮምፒውተሮችን በአንድ ስፒከር ላይ ለማያያዝ አይደለም፤ መሣሪያዎቹን ሊጎዳ ይችላል።

ማክና ሊኑክስ

ማክ ያላችሁ ተገላግላችኋል። «ኦዲዮ ሚዲ ሴታፕ» የሚባለውን ክፈቱ፣ ከታች በግራ ያለችውን የመደመር ምልክት ተጫኑና «መልቲ አውትፑት ዲቫይስ» ፍጠሩ። ቲቪውንና ስፒከሩን ምልክት አድርጉባቸው። ለሁለተኛው «ድሪፍት ኮሬክሽን» አብሩለት፤ አለበለዚያ ፊልሙ እየረዘመ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ከዚያ የድምፅ መውጫውን ወደ እሱ ቀይሩ። የኪቦርዱ ቮሊዩም ሥራ ያቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በየመሣሪያው ማዞሪያ አስተካክሉ።

ሊኑክስ ላይ ፐልስኦዲዮ ያላችሁ «ፓፕሬፍስ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ። በሁሉም የድምፅ ካርዶች በአንድ ጊዜ የሚያጫውት ምናባዊ መውጫ የሚጨምር ምርጫ አላት።

ብሉቱዝ

ግቢ ያለው ስፒከር ብሉቱዝ ካለው በገመድ መድከም ለምን ትሉ ይሆናል። ብሉቱዝ ድምፁን አምቆ ልኮ መልሶ እስኪፈታው ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ከቲቪው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ካለ ማሚቶው ግልጽ ነው። ግቢ ብቻውን ከሆነ ግን ይሠራል፤ ሰው ካልበዛና ግድግዳው ካልወፈረ። የጎንደር የድንጋይ ቤቶች ግድግዳ ደግሞ ወፍራም ነው። ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ ብታስጠጉት ይሻላል። ብዙ የብሉቱዝ ስፒከሮች የኦክስ ቀዳዳ አላቸው፤ ገመድ ከደረሰ ገመድ ይሻላል።

በእኔ እምነት ደግሞ ሁለቱም አንድ ትንሽ ሳሎን ውስጥ ካሉ ሁለቱን ማስጮህ አያስፈልግም። ስፒከሩን ብቻ ተጠቀሙ፤ ድምፁ ይጠራል፣ የምታስተካክሉትም ነገር አይኖርም። ሁለት ድምፅ የሚያስፈልገው ሁለት ቦታ ላይ ሰው ሲኖር ነው።

«እምምም» የሚለው ድምፅ

ሁሉም ተሰክቶ ምንም ሳይከፈት ስፒከሩ ወፍራም «እምምም» ካለ የመብራት ድምፅ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የምትሰሙት እሱንና እጥፉን ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ላፕቶፑ፣ ቲቪውና አምፑ ከተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ነው። ሦስቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ካልቆመ በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በባለ ጃክም በባለ ቀይና ነጭም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ የሶኬቱን የኧርዝ (የመሬት) መስመር አትቁረጡ፣ አትዝለሉትም። ያ መስመር ያለው ሰው እንዳይሞት ነው። ግቢ ውስጥ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ ልጆች በሚሮጡበት ድንኳን ሥር ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ ግቢ የሚወጣውን የድምፅ ገመድ ከመብራት ገመዱ ጋር አብራችሁ አትጠቅልሉ። በተለያየ በኩል ውሰዱት፤ መሻገር ካለበት አቋርጦት ይለፍ። በርቀት የሚሄድ ከሆነ ቀጭኑን የጃክ ማራዘሚያ ትታችሁ ወፈር ያለውን ባለ ቀይና ነጭ ምረጡ።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ቲቪውና ስፒከሩ ይጠፋሉ። ዊንዶውስ ቲቪው እንደተነቀለ ቆጥሮ ድምፁን ወደ ራሱ ሊመልስ ይችላል። መብራቱ ሲመጣ ምስሉ ይመለስና ድምፁ ግን ላይመለስ ይችላል። ዲፎልቱን እዩ። ስቴሪዮ ሚክስን የምትጠቀሙ «ሊስን» ገጽ ገብታችሁ ቲቪው አሁንም መመረጡን አረጋግጡ። ባናናን የምትጠቀሙ በሜኑው ውስጥ «ሪስታርት ኦዲዮ ኢንጂን» የሚለውን ተጫኑ፤ ኤ2 ካልተመለሰ እንደገና ምረጡት። በፕሌይባክ ገጽ ላይ የመውጫዎቹን ስም መቀየር ስለሚቻል አንዱን «ሳሎን»፣ ሌላውን «ግቢ» ብላችሁ ሰይሟቸው። ሰው በተሞላ ቤት፣ በጨለማ፣ በችኮላ ስትፈልጉ ቶሎ ታገኟቸዋላችሁ።

መብራቱ እንደሄደ የአምፑን ማብሪያ አጥፉ። ሲመጣ ወዲያው አትሩጡ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ከዚያ መጀመሪያ ቲቪው፣ ቀጥሎ ላፕቶፑ፣ በመጨረሻ ስፒከሩ፤ ማዞሪያው ዝቅ ብሎ። ስትዘጉ ደግሞ ስፒከሩን አስቀድሙ።